ከእንሶስላ እስከ ኪዩቴክስ፦ የመዋቢያ ቀለም በገላ ላይ ሲፈተን

እንሶስላ በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሴቶች እጅ፣ እግርና ጥፍር ማቅለሚያ ሆኖ የኖረ ተክል ነው። እርጥበት በማይለየው ስፍራ፣ በወንዝ ዳርና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በጓሮም ይተከላል። ሲመቸው ቁመቱ 2 ሜትር ይደርሳል። አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ሐምራዊ ጣል ጣል አለበት፤ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ ይወጣዋል፣ ሽታውም ሲመሽ ይጠነክራል። ለቀለም የሚፈለገው ግን አበባው ሳይሆን ከመሬት በታች ያለው ድንች መሰል ሥሩ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ተክሉን የሚያውቀው ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ሲሆን፣ ስለ ሐበሻ ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ሊቁ ተክሉን በማቅለሚያነቱ የሰየመው የሐበሻ ሴቶች አስቀድመው ይጠቀሙበት ስለነበር ነው።

እንሶስላ የሚሞቀው በዓልና ሠርግ ሲቃረብ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ ቀበሌዎች ይህ ወቅት በተለይ ጥር ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ጥር 25 የሚውለው የመርቆሬዎስ በዓልም በፈረስ ጉግሱ ብዙ ሰው ይጠራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው የሠርግ ወራት ይመጣል። ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፣ ልጡ ይላጣል፣ ከዚያም ይወቀጣል። ልቁጡ በመዳፍ፣ በጣቶች ጫፍ፣ በጥፍርና በእግር ላይ ይደረግና ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ሲታጠብ የሚታየው ቀለም ገና የመጀመሪያው ነው። አንድ ሌሊት ያደረ እንሶስላ ብርቱካንማ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀይ ይሰጣል። ሲደጋገም ወደ ጥቁር ቀይ ይጠልቃል፣ አልፎም ጥቁር እስከ መምሰል ይደርሳል። ሙሽራ ከሚዜዎቿና ከእኅቶቿ ጋር አብራ የምትሞቀው በመሆኑ፣ በአንድ ምሽት ከአንድ ሥር የተወሰደ ልቁጥ በብዙ እጆች ላይ ሲወጣ ይታያል። የአንዷ ከሌላዋ ይለያል፤ ማን ጠለቀላት፣ ማን ፈዘዘባት የሚለው ንጽጽርም በማግሥቱ ጠዋት ይደረጋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከቆዳው ነው። የእንሶስላ ዘመድ በሆኑ ተክሎችና በሂና ቅጠል ውስጥ ሎውሶን የሚባል ማቅለሚያ ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር በቆዳና በጥፍር ውስጥ ካለው ኬራቲን ከተሰኘው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መዳፍና የእግር ሥር ወፍራም የኬራቲን ሽፋን ስላላቸው ቀለሙ እዚያ ይጠልቃል፤ የእጅ ጀርባ ስስ በመሆኑ ይፈዝዛል። ሂና ከታጠበ በኋላ ከአየር ጋር እየተገናኘ ለአንድና ለሁለት ቀን መጥቆሩን ይቀጥላል። ስለዚህ የሂናን ቀለም በታጠበበት ሰዓት አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው። ለቅዳሜ ሠርግ ሐሙስ ማታ መሞቅ ዓርብ ማታ ከመሞቅ የተሻለ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም ሂና የዒድና የሠርግ ጌጥ ነው። ሂና የቅጠል ዱቄት ስለሆነ ከሩቅ አገር ተነግዶ ይመጣል፤ እንሶስላ ግን ከወንዝ ዳር ትኩሱ ይቆፈራል።

በገበያ ላይ ያለው የጥፍር ቀለም ከእነዚህ ፈጽሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ብዙ ሰው ኪዩቴክስ ብሎ የሚጠራው፣ በዚሁ ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1917 ፈሳሽ የጥፍር ቀለም ለገበያ ስላቀረበ ነው። የዛሬው ኪዩቴክስ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ እርሱም ከጥጥ ወይም ከእንጨት ጭረት በአሲድ ተዘጋጅቶ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለመኪና ቀለም የዋለ ንጥረ ነገር ነው። ይህ በኢታይል አሲቴትና በቡታይል አሲቴት ይሟሟል፤ እንዳይሰነጠቅ ማለስለሻ፣ እንዲጣበቅ ሙጫ፣ እንዲታይ ደግሞ ቀለም ይጨመርበታል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የሟሟቱ ነው። ሟሟቱ ሲተን በጥፍር ላይ ስስ ቆዳ መሰል ሽፋን ይቀራል። እንሶስላ ጥፍሩ ውስጥ ይገባል፣ ኪዩቴክስ ላዩ ላይ ይቀመጣል። የሁለቱ ጥንካሬም ሆነ ድክመት ከዚህ ይመነጫል።

ኪዩቴክስን በጠርሙሱ መርጦ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ያሳስታል። በጠርሙስ ውስጥ ቀለሙ ወፍራም ክምችት ስለሆነ ጥቁር ቀይ ይመስላል፤ በጥፍር ላይ በስሱ ሲቀባ ያው ቀለም ሮዝ ሊሆን ይችላል። ጥፍር ብርሃን አስተላላፊ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ይህም በላዩ ከተቀባው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ናሙና በነጭ የላስቲክ ጥፍር ላይ የሚያሳይ ሻጭ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የሚያሳየው። ትክክለኛው ሙከራ በአንድ ጣት ጥፍር ላይ ሁለት ስስ ንብር መቀባት፣ በንብሮቹ መካከል ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና ከሱቅ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ነው። በሱቅ ውስጥ ያለው አምፖል ወይ ቢጫ ያደርጋል ወይ ሰማያዊ ያጠላል፤ የደብረ ታቦር የረፋድ ፀሐይ ግን ቀለምን እንደሆነው ያሳያል።

የመሸፈን አቅምም ሊታይ ይገባዋል። ጥሩ የሚባለው በሁለት ንብር የጥፍሩን ጫፍ ነጭ መስመር የሚሰውር ነው። ሦስትና አራት ንብር የሚጠይቅ ቀለም ይወፍራል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሌሊት የብርድ ልብሱን መስመር ይዞ ያድራል። ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቢደርቅም ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ሰዓታት ይፈጃል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር፣ ይልቁንም በጉና ተራራ ግርጌ፣ የጠዋቱ ብርድ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ቀለም ያወፍረዋል። ጠርሙሱን በሁለት መዳፍ መካከል ማንከባለል ያሞቀዋል፣ ያዋሕደዋልም። አጥብቆ መናጥ ግን የአየር አረፋ ስለሚያስገባ በጥፍር ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ይፈጥራል። ቀያይና ጥቋቁር ቀለሞች ጥፍርን ቢጫ አድርገው የመተው ጠባይ አላቸው፤ ከሥር የሚቀባው ቤዝ ኮት ይህን ይከለክላል።

ውኃ የኪዩቴክስ ዋና ጠላት ነው። ጥፍር ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን አብሮት መለጠጥና መሰብሰብ ስለማይችል ይላላል። በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ባለው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ተጠምቆ የወጣ ሰው ጥፍሩ ለስልሶ ያገኘዋል። በዚያው ሰዓት የተቀባ ኪዩቴክስ ጥፍሩ ሲደርቅና ሲሰበሰብ ከዳር ይነሣል። ጥፍሩ በደንብ እስኪደርቅ መቆየት፣ ከዚያም የቅቤና የቅባት ርዝራዡን ጠርጎ መቀባት ዕድሜውን ያራዝማል። በውበት ሳሎኖች የጥፍር ሥራ ሲጀመር እጅን በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ የተለመደ ነው፤ ለጥፍር ዙሪያ ቆዳ ደግ ቢሆንም ለቀለሙ አይበጅም።

ስለዚህም ቀለምን መገምገም ሴቲቱ ከቀባች በኋላ የምትኖረውን ኑሮ ይጨምራል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የምታርም፣ ልብስ በእጇ የምታጥብ፣ ሊጥ የምታቦካ ሴት እጇ ከውኃ አይወጣም። ተራ ኪዩቴክስ በእንዲህ ያለ እጅ ላይ በሁለትና በሦስት ቀን ከጫፉ ይቆረፈዳል፤ በቢሮ ሠራተኛ እጅ ላይ ግን ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ሁለት ዓይነት ቀለም ለማወዳደር የተሻለው መንገድ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በጎን ለጎን ጣቶች መቀባት ነው። ቀኝና ግራ እጅ እኩል አይሠሩም፤ አንዱን ቀለም በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ቀብቶ ማወዳደር ለግራው ማዳላት ይሆናል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ብዙ ስለሚሠሩ መጀመሪያ የሚላጡት እነርሱ ናቸው። እንሶስላ በዚህ ፈተና ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። አይላጥም፣ አይቆረፈድም፤ ከቆዳ ላይ ቆዳው ራሱን እየለወጠ ሲሄድ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፣ ከጥፍር ላይ ደግሞ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያል። በአንጻሩ ኪዩቴክስ እንሶስላ የሌለውን ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሁሉ ይሰጣል፤ በማግሥቱም ሊለወጥ ይችላል።

ወደ ፊት መዋቢያ ሲመጣ የቀለም ምርጫ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፊት ላይ የሚቀባው ፋውንዴሽን የራሱን ቀለም ማሳየት ሳይሆን ከገላው ጋር መመሳሰል አለበት። የአገሬው ሰው የገላን ቀለም ለመግለጽ ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁር እያለ በጥንቃቄ ይለያል። የፋብሪካው ሰው ግን በቁጥርና በእንግሊዝኛ ፊደል ያስቀምጠዋል። ለረጅም ጊዜ እነዚህ ቁጥሮች የተዘጋጁት ነጭ ገላ ታስቦ ነበር። ለጠቆረ ገላ የሚሆነው ጥቂት ነበር፤ ያውም ቀዩን ወይም ቢጫውን የገላ ድባብ የሚዘነጋ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያዊት አለችበት። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ድርጅት ፊት ሆና ተመርጣለች፤ በድርጅቱ ታሪክ ለዚህ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ከእርሷ ቀደም ብሎ በ1994 ሶማሊያዊቷ ኢማን ለጠቆረ ገላ የሚሆን የራሷን መዋቢያ ማምረት ጀምራ ነበር። በ2017 ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢዩቲ የተባለውን ምርት በ40 ዓይነት የፋውንዴሽን ቀለም ስታወጣ ሌሎች ድርጅቶችም ቀለማቸውን ለማስፋት ተገደዱ።

የፋውንዴሽን ቀለም የሚሠራው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድን ከነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር በመደባለቅ ነው። ነጩ ሲበዛ ለቀላ ገላ የተሠራው ምርት በጠይም ፊት ላይ አመድማ ይሆናል፤ ቢጫውና ቀዩ ሲያንስም እንዲሁ። ፊት ከአንገት ተለይቶ የሚታይባት ሙሽራ ብዙውን ጊዜ የዚህ ጉዳተኛ ናት። ሙከራውም በእጅ ጀርባ ላይ መደረግ የለበትም፤ የእጅ ጀርባ ከፊት ጋር አንድ ቀለም የለውም። ከጉንጭ በታች፣ በመንጋጋ መስመር ላይ ሁለትና ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን ጎን ለጎን ማስመር፣ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም ደጅ ወጥቶ በመስተዋት ማየት ይገባል። አንዳንዱ ፋውንዴሽን ከገላ ቅባትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሚጠቁር መጠበቁ ግድ ነው። ከገላው ጋር ተዋሕዶ መስመሩ የጠፋው፣ ትክክለኛው እርሱ ነው። በሁለት ቀለም መካከል የተቸገረ ሰው ሁለቱን ገዝቶ ቢደባልቅ ይሻለዋል፤ የደጋ ፀሐይ በበጋ ፊትን ስለሚያጠቁር የጥር ቀለም ለነሐሴ ላይሆን ይችላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርድ ስላለ ፀሐዩ አይጎዳም የሚለው ግምት ለደብረ ታቦር አይሠራም።

ለሠርግ የሚዋቡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ፈተና አለባቸው፤ እርሱም ካሜራ ነው። የፀሐይ መከላከያ የተጨመረባቸውና በሲሊካ ዱቄት የሚታሰሩ መዋቢያዎች በዓይን ጥሩ ሆነው ሳለ የፍላሽ ብርሃን ሲያርፍባቸው ነጭ ሆነው ይወጣሉ። አስቀድሞ በሙከራው ቀን በስልክ ካሜራ ፍላሽ አብርቶ ፊትንና አንገትን አንድ ላይ ማንሣት ጉዳዩን ይገልጠዋል። ሙሽራን የሚያሰማምሩ ባለሙያዎች ከሠርጉ ቀደም ብለው የሙከራ ቀን እንዲይዙ የሚመከረውም ለዚህና ለቆዳው ደኅንነት ሲባል ነው።

የቆዳ ደኅንነት ሲነሣ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች ጥቂት አይደሉም። አዲስ ቅባትም ሆነ ቀለም መጀመሪያ በክርን ውስጠኛ በኩል በትንሹ ተቀብቶ እስከ 48 ሰዓት መታየት አለበት። ጥቁር ሂና የሚባለው ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። በቶሎ ይጠቁራል፤ ነገር ግን ቆዳን ሊያቃጥልና ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፣ አንዴ ያስቆጣው ሰውም ፀጉሩን በተቀባ ቁጥር ሊታመም ይችላል። ንጹሕ ሂና በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር አይሰጥም፤ ፈጥኖ የሚያጠቁር ከቀረበ መተው ነው የሚሻለው። ፊት ያቀላሉ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ሜርኩሪ እንዳለባቸው በብዙ አገሮች ተረጋግጧል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። በአገር ውስጥ መዋቢያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የአምራች ስም፣ የመጠቀሚያ ጊዜና የይዘት ዝርዝር የሌለው ክሬም ርካሽ ቢሆንም መገዛት የለበትም።

ኩል ለብቻው መነሣት ይገባዋል። የደጋው ሴት ከጥንት ጀምሮ ዓይኗን የምትኳልበት ይህ ጥቁር ዱቄት ከማዕድን ይዘጋጃል። አንዳንዱ ከአንቲሞኒ ሲሠራ፣ አንዳንዱ ግን ከጋሌና ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ነው። ሁለቱም ጥቁርና አብለጭላጭ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። እርሳስ በትንሹም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሁለተኛው አደጋ ከመኳያው ይመጣል። አማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ፣ በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በሽታው ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንዱን የኩል መኳያ ለሙሽራና ለሚዜዎች በየተራ ማዞር በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን ያሻግራል። በሱቅ የሚቀመጥ የማስካራና የሊፒስቲክ መሞከሪያም ያው ነው። ሊፒስቲክ በንጹሕ ጥጥ ተወስዶ በጣት ጫፍ ላይ ቢሞከር ይበቃል፤ የጣት ጫፍ ቀላ ስለሚል ከእጅ ጀርባ ይልቅ ለከንፈር ይቀርባል።

በከተሞች ሳሎኖች እየተለመደ ያለው ጄል የጥፍር ቀለም ደግሞ ከተራው ኪዩቴክስ ይለያል። አየር ላይ አይደርቅም፤ በአልትራቫዮሌት ወይም በኤልኢዲ መብራት ሥር ይጠነክራል፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይም ይቆያል። ቆዳ ላይ የፈሰሰና በደንብ ያልጠነከረ ጄል ግን ዘላቂ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ በጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ የማይነካ ባለሙያ መምረጥ ከቀለሙ ምርጫ ይቀድማል። የአውሮፓ ኅብረት ጄል ለማጠንከር ይጠቅም የነበረውን ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመዋቢያዎች ውስጥ ከልክሏል።

ቀለም የሚወርድበት መንገድም ከመቀባቱ በፊት ሊታሰብ ይገባል። ተራ ኪዩቴክስ በአሴቶን በቅጽበት ይለቃል። ጄል ላዩ በስሱ ከተሞረደ በኋላ በአሴቶን የራሰ ጥጥ ተጠቅልሎበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ነክሶ ወይም ፍቆ ማንሣት የጥፍሩን የላይኛ ንብር አብሮ ይገፈዋል። አሴቶንና ኪዩቴክስ እሳት በቶሎ ይይዛሉ፤ ምድጃ፣ ከሰልና ሻማ አጠገብ መቀባትም ሆነ ማስለቀቅ አደገኛ ነው። ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ኪዩቴክሱን እንዲያነሣ ይጠየቃል፤ በጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ በጥቁር፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ሊታወክ ይችላል። የምትሰግድ ሙስሊም ሴትም ከውዱእ (ከሶላት በፊት ከሚደረገው መታጠብ) በፊት ታስለቅቀዋለች፤ ሽፋኑ ውኃ ጥፍሩን እንዳይነካ ይከለክላልና። ሂናና እንሶስላ ሽፋን ስለማይፈጥሩ ይህ አይነካቸውም፤ ሆኖም ማስለቀቂያ የላቸውም። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ለሠርግ የጠለቀ እንሶስላ ከእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት እስከ 6 ወር፣ ከእግር አውራ ጣት ጥፍር ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።